አደባባያችን ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐውልት ይቁም?

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ በየብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ተበጣጥሶ ይወራል። አንዱ ግሩፕ የሚያወራውን ሌላው አይሰማም። አንድ ቦታ ሰብሰብ ብለን እንነጋገርበት ብዬ ነው ይህን የከፈትኩት። የሳይቱን ስም አልጠራም። ከአያት ወዲያ ያለን ነን፣ የሚያውቀን ያውቀናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው መግቢያ ላይ ያለው አደባባይ ቤት ስንረከብ ጭቃና የግንባታ ፍርስራሽ ነበር። መንግሥት ይሠራዋል ብለን ጠበቅን። ሲሰለቸን አዋጣን። ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ሣር ተተከለ፣ መብራት ቆመ። መሃሉ ብቻ ባዶ ቀረ። አሁን የደብራችን ወጣቶች እዚያ መሃል ላይ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐውልት ሊያቆሙ ገንዘብ እያሰባሰቡ ነው። አንድ የመንግሥት ኃላፊ "ችግር የለውም፣ ጀምሩ" ብሏቸዋል። በቃል ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት የለም።

ወሬው ሲወጣ ሙስሊም ወጣቶቻችን እዚያው ኃላፊ ዘንድ ሄዱ። መግቢያው ላይ ጨረቃ ያለበት ቅስት እንሥራ አሉ። "ይቻላል" ተባሉ። ቀጥሎ የወንጌላውያን አማኞች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ ጠየቁ። እነሱም እሺ ተባሉ። ሦስቱም ወገን "የተፈቀደው ለእኛ ነው" ብሎ ያምናል። ባለፈው ሳምንት ማታ ልጆቹ አደባባዩ ላይ ተገናኝተው ክፉ ቃል ተወራወሩ። ሽማግሌ ገብቶ በተናቸው።

አቋሜን ልንገራችሁ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ልጆቼ ክርስትና የተነሡት በዚሁ ደብር ነው። ሐውልቱ አደባባዩ ላይ እንዲቆም ግን አልፈልግም። የመዋጮው መዝገብ እኔ እጅ ነው ያለው። ከየቤቱ እኩል ነው የሰበሰብነው። ስንሰበስብ "ሃይማኖትህ ምንድን ነው?" ብለን የጠየቅነው ሰው የለም። ቅስቱንም ሰሌዳውንም የምቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ለሦስት ወገን በየተራ እሺ ብሎ ዘወር የሚለው ሰው ነው። እሺ ማለት እሱን ምንም አያስከፍለውም። ነገሩ ቢበላሽ የምንከፍለው እዚህ ልጅ የምናሳድገው ነን።

ሐሳባችሁን ጻፉ። ስድብ ይቅር።

ሰንበት ተማሪ፦

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ማን እንደሆኑ አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቁኛል። በአክብሮት ልመልስ።

ለሐውልቱ የምናሰባስበው እኛው ነን። ከእድሩ ሳጥን አንድ ብር አልነካንም። ማንንም ለማስቀየም አልተነሣንም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በዚህ አገር ታሪክ የአንድ ሰፈር ጉዳይ አይደለም። ታቦቱ በ1888 ዓድዋ ዘምቷል። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

አዲስ አበባም ሐውልት ብርቋ አይደለም። አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ነበሩ። ሐውልታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ቆሟል። በ2005 ለቀላል ባቡሩ ሲባል ሲነሳ ሕዝቡ አዘነ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ደስ አለው። ያኔ "የጳጳስ ሐውልት መንገድ ላይ ምን ያደርጋል?" ያለ ሰው አልሰማሁም። እኛ ስንጠይቅ ለምን ነገር ይሆናል?

ቁጥርም ልጨምር። በ1999 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ እምነቱ በሚኖርበት ሰፈር ቢታይ ምን ነውር አለው? እውነቱን ልናገር፣ እኛ ወጣቶቹ እየተገፋን እንደሆነ ይሰማናል። ከከተማው ዳር ያለ ደብር ሁሉ የጥምቀተ ባሕር ቦታው ተቆረሰ አልተቆረሰ እያለ ነው የሚኖረው። አንድ የማይነቃነቅ ነገር በዓይናችን ማየት እንፈልጋለን።

የረያን እናት፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ ለሁላችሁም።

ሰንበት ተማሪ፣ ልጄ፣ መገፋት ያልከውን እኔም አውቀዋለሁ። በ2013 መስቀል አደባባይ ሊደረግ የነበረው ኢፍጣር መጀመሪያ ሲከለከል አልቅሻለሁ። ከቀናት በኋላ ተፈቅዶ ተደረገ፤ የመጀመሪያው ቀን ግን አይረሳኝም። በ2015 ግንቦት ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ መስጊድ ፈረሰብን ብለው አንዋር መስጊድ የወጡ ሰዎች ሞተዋል። ከእኛ ሳይት መንገድ ማዶ እኮ ሸገር ነው። ስለዚህ ሐውልት ሲባል ድንጋዩን ብቻ አላይም። ለማን ይፈቀዳል፣ የማን ይፈርሳል የሚለው ነው ቀድሞ የሚታየኝ።

ሐውልት በእኛ እምነት ከባድ ነገር ነው። የእናንተን ቅዱስ ንቄ አይደለም። ታቦት ሲያልፍ ቆሜ አሳልፋለሁ። ልጄ ለጥምቀት ከእናንተ ልጆች ጋር መንገድ ይጠርጋል፣ እነሱም ለኢድ ይመጡለታል። ታቦት ግን አልፎ መንበሩ ይገባል። ሐውልት አያልፍም። ዳቦ ልገዛ ስወጣም፣ ሐኪም ቤት ስሄድም፣ ሬሳ ስሸኝም በሥሩ ነው የማልፈው። ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው።

ጨረቃ ያለበት ቅስት የሚሉትንም አልፈልገውም። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። መስጊዳችን ላይ ጨረቃ አለ።

ስለ ቁጥሩ፦ በዚያው ቆጠራ እኛ 16.2 በመቶ ነን። ለኮብልስቶኑ ግን ከእናንተ አሳንሰን አልከፈልንም።

እናት ዓለም፦

የረያን እናት፣ እጅሽን ልሳም። የታቦትና የሐውልት ልዩነት እንዲህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

የመሪጌታ ልጅ፦

እኔ ደግሞ ከቤታችን ሥርዓት ልነሣ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የከበረው ታቦቱ ነው። ሥዕለ አድኅኖ አለን፤ በመጋረጃ ይሸፈናል፣ ይታጠናል፣ ተሳልመነው እናልፋለን። ተቀርጾ ለቆመ ምስል መስገድ ግን የእኛ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን ከድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍለው አውጥተዋል። ሐውልት ማቆም አቅቷቸው አይደለም።

አደባባይ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን እንነጋገር። የሲኖትራክ ጭስና አቧራ ይለብሳል። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይደገፈዋል። "የሚከራይ ቤት አለ" የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ማታ ሰክሮ የመጣው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቅዱሱን የምናከብረው እንዲህ ነው? ይህን አይቶ የሚቆጣው ማን ነው? እኛው። ከዚያ "ማን አረከሰው?" ይባላል። ጣት ጎረቤት ላይ ይቀሰራል። በአንድ ሰካራም ምክንያት ሁለት ብሎክ ሊጣላ ነው።

ሰንበት ተማሪ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰበካ ጉባኤው ፈቅዷል? ደብዳቤ ይዛችኋል?

አስፋልት ዳር፦

ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውጭውን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሐውልቶች አሉ እኮ። ሥርዓታችን አያውቀውም ማለት አይቻልም።

የመሪጌታ ልጅ፦

አሉ። ግቢው ውስጥ ናቸው፣ የሕንፃው ጌጥ ሆነው። ሄዶ የሚሰግድላቸው የለም። ወጣቶቹ የእኛንም ደብር ግቢ ውስጥ ለጌጥ እናቁም ካሉ እኔ አልከራከርም። ለዚያም ቢሆን የሰበካ ጉባኤውና የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጠበቃው፦

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጥ፤ ሁሉም ሕግ ከጎኑ እንደሆነ እያወራ ነውና።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ አይገባም። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው እምነቱን ብቻውንም ሆነ ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ሰንበት ተማሪ ባዶ እጁን አይደለም የሚከራከረው። ችግሩ ያው አንቀጽ 27 መጨረሻው ላይ ይህን መብት ሕግ ሊገድበው እንደሚችል ይናገራል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሌሎች ሰዎች መብት ነው። ሌላው መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በመንገድ መሃል፣ በመንግሥት ይዞታ ላይ፣ በመንግሥት ሰው ቃል የሚቆም ሐውልት ሁለቱንም ይነካል።

አደባባዩ የማን ነው? አስነጥፈነዋል እንጂ የእኛ አልሆነም። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የዚያ ኃላፊ የግል ንብረትም አይደለም። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ የከተማ መሬት ያለ ጨረታ በምደባ ከሚሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ የሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ነው ይላል። በር አለ ማለት ነው። ለአምልኮ ቦታ የሚሆን መሬት በደብዳቤ ይጠየቃል፣ ይወሰናል፣ ካርታ ይወጣል። መኪና የሚዞርበት አደባባይ በዚያ በር አይገባም።

የምፈራውን ልንገራችሁ። ሐውልቱ በቃል ፈቃድ ቆመ እንበል። ኃላፊው ይዛወራል። አዲሱ መጥቶ "ፈቃድ የለውም፣ ይነሳ" ይላል። ደንብ አስከባሪ ይመጣል። የቅዱስ ምስል በዶዘር ሲገፋ ቆሞ የሚያይ ማን ነው? በ2014 ጥምቀት ወይብላ ማርያም ላይ ታቦት አጅቦ ሲመለስ የሞተ ሰው አለ። እዚህ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው የሆነው። እኔ ሌላ ሬሳ ማየት አልፈልግም።

ጡረተኛው፦

ጠበቃው ልክ ነው። እኔ ሌኒን ሲቆምም ሲወርድም በአዲስ አበባ ነበርኩ። የቆመው በ1976 ነው። ያኔ ማን ይነካዋል ተብሎ ነበር። ግንቦት 1983 ሰው በገመድና በብረት ተረባርቦ አወረደው። መንግሥት ያቆመውን መንግሥት ሲቀየር ማን ይጠብቀዋል? ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሌኒን ጋር ማስተካከሌ አይደለም፣ እግዜር ይጠብቀኝ። በባለሥልጣን ቃል ላይ ቅዱስ አታቁሙ ነው የምለው።

የቱሉ ልጅ፦

እኔ የሳይቱ ነዋሪ አይደለሁም። ከአጥሩ ወዲያ ነው ቤታችን። ጎረቤቴ ይህን ልኮልኝ አነበብኩት። ልናገር?

እናንተ አደባባይ የምትሉት የአያቴ ማሳ ጫፍ ነበር። ጤፍ ይዘራበት ነበር። ሳይቱ ሲመጣ ካሳ ተሰጠን፣ ካሳው አለቀ። እዚያው ጫፍ ላይ ትልቅ ኦዳ ነበር። ሰው የሞተበትና የገደለው የሚታረቁት፣ ድንበር የተጋፉ የሚዳኙት በሥሩ ነበር። ለመንገዱ ተቆረጠ። ያን ቀን አያቴ ከቤት አልወጣም።

አሁን ሦስት ወገን ሆናችሁ ማን ምን ያቁም ስትሉ አያለሁ። ከዚያ በፊት ምን ቆሞ ነበር ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ኢሬቻ በ2012 መስከረም አዲስ አበባ ላይ ሲከበር ስንት ክፉ ነገር እንደተጻፈብን አልረሳሁም። ቢሆንም ኦዳ በሲሚንቶ ተቀርጾ ይቁምልን ለማለት አልመጣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለዚያ ቦታ ስብሰባ ከተጠራ እኛም እንጠራ።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክ። ትጠራላችሁ። ይህን እኔ ራሴ ይዤ እከታተላለሁ። አባትህና አጎቶችህም ቢመጡ ደስ ይለኛል። በእድራችን ከአጥሩ ወዲያ ያሉ አባላት አሉን። ሬሳ ስናወጣ አብረን ነን፣ በዚህ ላይ የምንለያይበት ምክንያት የለም።

ብሎክ 31፦

ሰላም ቅዱሳን። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። በ1999ኙ ቆጠራ በከተማው 7.8 በመቶ ተብለን የተቆጠርነው ነን፤ ሰንበት ተማሪ ቁጥር ስላነሳ።

ሐውልት በእግዚአብሔር ቃል መሠረት አልቀበልም። ዘጸአት 20 ግልጽ ነው። ይህ የእኔ እምነት ነው፣ በጎረቤቴ ላይ በግድ አልጭነውም። በራሱ ግቢ ያቆመውን ሰው ሄጄ አልከሰውም። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የጎደለ ነገር ይታየኛል። የእኛ ኅብረት የሚያመልከው በኪራይ አዳራሽ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት። አከራዩ ዋጋ ሲጨምር እንነሳለን። የመቃብር ቦታ ጥያቄያችንም አልተመለሰም። ወንድሞቻችን ሰሌዳ የጠየቁት "እኛም አለን" ለማለት ነው። ሰሌዳ ግን ሬሳ አያሳርፍም። ኃላፊው እሺ ያለው ቀላሉን ስለሆነ ነው። ለአደባባዩ እሺ ይላል፣ ለመቃብሩ መልስ የለውም።

የመቃብሩ ጥያቄ በምትጽፉት ደብዳቤ ውስጥ ይግባ እላለሁ።

የረያን እናት፦

የመቃብሩ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። ይግባ።

ዳካር የሠራ፦

ለሥራ ሴኔጋል የቆየሁ ሰው ነኝ። ዳካር ውስጥ የአፍሪካ ህዳሴ የሚባል የነሐስ ሐውልት አለ። 49 ሜትር ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ነው የተመረቀው። ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ ናቸው ያሠሩት። የሠራው የሰሜን ኮሪያ ድርጅት ነው። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው የእኛ ትግላችን ሐውልትም በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው የቆመው፤ አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው።

ለምን አነሳሁት? ያ ሐውልት የሃይማኖት አይደለም። ወንድ፣ ሴትና ልጅ ናቸው። ሆኖም አገሩ በብዛት ሙስሊም ነውና ኢማሞቹ ተቃወሙት። ራቁትነቱን አነሱ፣ ጣዖት ይመስላል አሉ። ፕሬዚዳንቱ መልስ ሲሰጡ የክርስቲያኖችን ነገር አነሱ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኢየሱስን ያመልካሉ፣ ማን ምን ይላቸዋል ዓይነት ንግግር ተናገሩ። በዚህ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ተቆጡ። ኋላ ላይ ይቅርታ ተጠየቀ። በአንድ ሐውልት ሁለቱም ወገን ተነካ። የሐውልቱን ሐሳብ ያመጡት ባለሥልጣን ናቸው፣ እርስ በርስ የተቀያየመው ግን ምእመኑ ነው።

ሌላም ላክል። ሕንድ ውስጥ ካርናታካ በሚባል ክፍለ ግዛት 114 ጫማ የሆነ የኢየሱስ ሐውልት ሊቆም ታቅዶ ነበር። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ መሠረት ተጣለ። ጉዳዩን የያዙት አንድ ትልቅ ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ቦታው የመንግሥት መሬት ነበር። በቀጣዩ ወር ተቃዋሚዎቻቸው ሰልፍ ይዘው መጡ። የፓርቲ ጠብ ሆነ። በዚያች መንደር ያሉት ክርስቲያኖች ምን ፈለጉ የሚለውን ሰሚ ጠፋ።

ሰንበት ተማሪ፦

ሁሉንም አንብቤያለሁ። ስለ ዳካርና ስለ ሕንድ የጻፍከውን ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። እኔም ፈልጌ አንድ አገኘሁ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቱባን የሚባል ከተማ አለ። ቻይናውያን በራሳቸው ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ 30 ሜትር ገደማ የሆነ ሐውልት አቆሙ። በፈረንጆቹ 2017 ነው። ተቃውሞ ተነሳባቸው። ሐውልቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ። ልብ በሉ፣ በራሳቸው ግቢ ነው! ስለዚህ "ግቢያችሁ ውስጥ አቁሙ" የምትሉን፣ ነገ እዚያም ቢመጡብን ማን ይቆምልናል? ዛሬ ከአደባባይ ውጡ ይባላል፣ ነገ ከግቢ ውጪ አትታዩ ይባላል። የእኛ ፍርሃት ይህ ነው። ይህን ያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

የመሪጌታ ልጅ ለጠየቅከው፦ ከሰበካ ጉባኤው የጽሑፍ ፈቃድ የለንም። በቃል ነግረናቸዋል። ለቀራጺው ግን ቀብድ ከፍለናል።

የረያን እናት፦

እኔ አነሳዋለሁ ልጄ። ሐውልቱን ግቢያችሁ ውስጥ አቁሙት። ሃይማኖቴ ባይወደውም ግቢያችሁ ነው። ማንም መጥቶ "ሸፍኑት፣ አፍርሱት" ቢላችሁ እኔ በር ላይ ከእናንተ ጋር እቆማለሁ። ይህን የምለው እዚህ ሁሉ ሰው እያነበበ ነው። መስጊዳችን ላይ ቢመጡም አንተን በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

ብሎክ 31፦

እኔም እንዲሁ። ስሜን ጨምሩ።

አዲስ ገቢ፦

ተከራይ ነኝ፣ ከመጣሁ ብዙም አልሆነኝ። ቢሆንም አንድ ነገር ልበል። መሃሉ ባዶ ሆኖ ከቀረ ማንም ይመኘዋል። ዛሬ ቢቀር ለመስከረም ሌላ ሰው ይመጣል። የሆነ ነገር ይደረግበት። ፏፏቴ?

የቧንቧ ሠራተኛው፦

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለፏፏቴ ከየት ይመጣል?

እናት ዓለም፦

ዛፍ ይተከል! ከአጥሩ ወዲያ ያለው ወንድማችን የተናገረው ዛፍ። ጥላ ይሆናል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። የማንም አይደለም።

ብሎክ 31፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዛፍ የማንም አይደለም ማለት ይከብዳል። እናቴ ድሮ አድባር ሥር ቡና ታፈላ፣ ቅቤ ትቀባ ነበር። ጌታን ስትቀበል ተወችው፣ ቤተሰባችን በዚያ ብዙ ተጣልቷል። ለጥላ ብቻ ከሆነ እሺ። ሥርዓት የሚካሄድበት ከሆነ ከሐውልቱ በምን ይለያል?

የቱሉ ልጅ፦

ኦዳ ለእኛ ትርጉም አለው። ልደብቅህ አልፈልግም፤ ሥሩ የቆመ ሰው "ዋቃ" ብሎ ቢለምን አላስቆመውም። ለዚህ ነው ኦዳ ይተከል ያላልኩት። ወይራ ቢተከል ግን እኔ አልቀየምም። ያ ማሳ ዳር ወይራም ነበረበት። ሌላው ያቃለላችሁት ነገር ደግሞ ስሙ ነው። ሰፈሩ ከሳይቱ በፊት ስም ነበረው። አደባባዩ ላይ የቀድሞው የሰፈር ስም ቢጻፍ ለአያቴ ትልቅ ነገር ነው።

የቧንቧ ሠራተኛው፦

ኦዳም ዋርካም ቢሆን እዚያ አይሆንም። ዋናው የውሃ መስመር በአደባባዩ ሥር ነው የሚያልፈው። የዋርካ ሥር ቧንቧ ይሰብራል። ወይራ ከመስመሩ ራቅ ብሎ ወደ ምሥራቅ ጫፍ ቢተከል ችግር የለውም። ቦታውን እኔ አሳያችኋለሁ።

አስፋልት ዳር፦

ስሙ ላይ ሌላ ክርክር ሊነሳ ነው። በየትኛው ፊደል ሊጻፍ ነው?

ጠበቃው፦

በሁለቱም። ይህ የሚያጣላ አይመስለኝም፤ ካጣላም ከሐውልቱ ይቀላል።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሁሉንም አነበብኩ፣ አመሰግናለሁ። ዛፉም ስሙም ለስብሰባው ይቆይ። ቅድሚያ የሚሰጠው ደብዳቤው ነው። ከጠበቃው ጋር ሆነን ረቂቅ እናዘጋጃለን። የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ለሦስቱም ወገን በቃል የተሰጠው ፈቃድ በጽሑፍ ይሻር፣ አደባባዩ ላይ የማንም ሃይማኖት ምልክት እንዳይቆም በጽሑፍ ይወሰን፣ የመቃብርና የአምልኮ ቦታ ጥያቄዎች በሕጉ መሠረት መልስ ያግኙ፣ የደብሩም የመስጊዱም ይዞታ ማንም እንዳይነካው ይረጋገጥ። መጨረሻ ያለውን ሰንበት ተማሪ ባነሳው ምክንያት ነው የጨመርኩት። ደብዳቤው ለክፍለ ከተማው ይገባል፣ ግልባጩ ለኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ። ማኅተም ተመትቶ ቀሪው እጃችን ላይ ካልገባ አንወጣም። በቃል የሚነገረንን ከእንግዲህ አንሰማም።

ሰንበት ተማሪ፣ ለቀራጺው የከፈላችሁት ቀብድ እንዳይበላ አንተና እኔ ሰበካ ጉባኤው ዘንድ አብረን እንሂድ። ግቢው ውስጥ ይቁም የሚል ጥያቄ ካቀረባችሁ እኔ ከጎናችሁ ነኝ። ቢፈቅዱ ይፈቅዳሉ፣ ባይፈቅዱ የአባቶች ውሳኔ ነው።

ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት ኮሙናሉ ውስጥ ይሁን?

ብሎክ 7፦

እኛ አድቬንቲስቶች ነን። ቅዳሜ ሰንበታችን ነው። መገኘት እንፈልጋለን።

የረያን እናት፦

ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ። እሑድ ይሁን፣ ከሰዓት። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ከመድረሱ በፊት ብንጨርስ ይሻላል።

የመሪጌታ ልጅ፦

እሑድ 8 ሰዓት ለእኛ ይመቻል። ቅዳሴውም የአዳራሽ ጉባኤውም ያልቃል።

ሰንበት ተማሪ፦

እሑድ እመጣለሁ። ሰበካ ጉባኤውም ዘንድ ከእርስዎ ጋር እሄዳለሁ ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ ከጸሎት በኋላ ይገኛሉ። ደብዳቤው ላይ ግን ከወጣቶቹ ጋር ሳልመክር አልፈርምም። ገንዘብ የሰጡን እናቶች አሉ፣ ለእነሱም መንገር አለብኝ። እስከዚያ ግን መሠረት አንቆፍርም። አካፋ ያዘጋጁትንም ልጆች አስቁሜያለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ይሁን። እሑድ 8 ሰዓት፣ ኮሙናሉ። የወንበር ቁልፍ ብሎክ 22 ጥበቃው ጋ ነው። ረቂቁን ዓርብ ማታ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ማረም የምትፈልጉት ካለ ከቅዳሜ ምሽት በፊት ጻፉልኝ።